ጠያቂው አንዴ ብቻ ይጠይቅ

በእኛ ከተማ በወለላ በር ሰው ድምፅ የሚሰጠው ፊቱን ሳይታጠብ ነው። ጠያቂው የሚሉት መሣሪያ በየቤቱ ጉበን ላይ ተለጥፎ ያድራል። ዐይንህን መግለጥህን በምን እንደሚያውቅ እንጃለት፣ ገና ብርድ ልብሱን ስትገፋ «እንደምን አደሩ፣ የመንገዱ መብራት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጥፋ?» ይልሃል። አዎ። «የቆሻሻ መኪናው በላይኛው መንገድ ይለፍ?» አይ። «ገበያ ውስጥ ለሚኖረው ውሻ ስም ይውጣለት?» እኔ ምን አገባኝ ማለት አይቻልም፤ አዎ ወይ አይ ነው። ሻይ እስኪፈላ ድረስ እንዲህ አገር ስታስተዳድር ትቆያለህ።

ድሮ ደግሞ ይብስ ነበር። ጠያቂው አንዱን ነገር ሦስቴ ነበር የሚጠይቀው። አይ ስትለው «እርግጠኛ ነዎት?» ይላል። አዎ እርግጠኛ ነኝ ስትለው «እስቲ አንዴ ያስቡበት» ይላል። ለውሻ ስም ሦስት ጊዜ! ሰዉ ተማረረ፤ ሥራ የሚያረፍድ በዛ፤ ባልና ሚስት በጉበን ምክንያት ተኳረፉ። ታዲያ አምና አንድ የተባረከ ሰው «ጠያቂው አንዴ ብቻ ይጠይቅ?» የሚል ሐሳብ ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበ። ከተማው ባንድ አፍ አዎ አለ። እልል ያለም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋቱ ሰላም ሆነ፤ ይጠይቃል፣ ትመልሳለህ፣ «ምላሽዎ ተመዝግቧል፣ መልካም ቀን» ይልህና ይዘጋል። እኛም ተመስገን ብለን ረሳነው።

ጦይባ እባላለሁ። የሙሽራ ልብስ አከራያለሁ። ባሌ ሲራጅ ባቡር ላይ ነው የሚሠራው፣ በወር አንዴ ብቅ ይላል። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ሂክማ፣ ስድስተኛን ጨርሳ ወደ ሰባተኛ የምታልፍ። አፌ ስለማያርፍ ይሁን ሌላ ሰው ስለጠፋ አላውቅም፣ የትምህርት ቤቱ ወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢም እኔው ነኝ።

ሰኔ ሲገባ የትምህርት በጀት ሳምንት ይመጣል። ወረዳው እያንዳንዷን ነገር ለሕዝብ ያቀርባል፤ ወንበሩን፣ ጣሪያውን፣ ሽንት ቤቱን፣ አስተማሪውን። ዘንድሮም አንድ ብሎ ጀመረ። ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች አዲስ ወንበር ይገዛ? ይገዛላቸው እንጂ፣ ሲቀመጡ የሚውሉ ሰዎች። ለጨሬ ሜዳ ትምህርት ቤት ጣሪያው ይታደስ? ጨሬ ሜዳ ከወንዙ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ናት። ኧረ ይታደስላቸው፣ የእነሱስ ልጆች ልጆች አይደሉ? ለሰው ስጡ ሲሉት እምቢ የሚል የወለላ በር ሰው ገና አልተወለደም።

ስድስተኛው ጥያቄ ላይ የኛው መጣ። ይህ የተማሪ ወላጅ ብቻ የሚጠየቀው ነው፤ ለየልጁ ወላጁ ራሱ መቀበል አለበት። ያን ጠዋት ሂክማን እግሬ ሥር አስቀምጬ ጠጉሯን እየሠራሁ ነበር። ጠያቂው በዚያ ለስላሳ ድምፁ «ለልጅዎ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል መቀመጫና አስተማሪ ወረዳው ይስጥዎት?» አለ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። አንድ ጨዋ ሰው ልስጥህ ሲሉት ምን ይላል? እኔ «ኧረ ምን በወጣችሁ!» አልኩ። ጎረቤቴ ዘነበች በኋላ እንደነገረችኝ እሷ «አትቸገሩ፣ ለሌላ ስጡት» ነው ያለችው። ከታች ያሉት እነ ከድጃ «ያለን ይበቃናል» ብለዋል። ሁሉም ይህን ብሎ እንደ ወጉ ቆም ብሎ ጠበቀ። ሰጪው ይለምናል፣ አንተ ትግደረደራለህ፣ እሱ በሞቴ ይላል፣ አንተ ከአፈርኩ አይመልሰኝ ብለህ ትቀበላለህ። በቃ፣ እንዲህ ነው የሚሰጠውም የሚወሰደውም። እኔም የሂክማን ጠጉር በጣቴ ይዤ ሁለተኛውን እጠብቃለሁ።

«ምላሽዎ ተመዝግቧል፣ መልካም ቀን።»

ከሰዓት ይመለስ ይሆናል ብዬ ነበር። የት ተመልሶ! በማግስቱ አደባባይ ላይ ያለው ሰሌዳ እንዲህ አለ፤ የወለላ በር ሕዝብ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን እንደማይፈልግ በከፍተኛ ድምፅ ስላረጋገጠ፣ ክፍሎቹ ከመስከረም ጀምሮ ይዘጋሉ፤ ተማሪዎቹ በየቤታቸው በሚናገረው ግድግዳ ይማራሉ፤ የክፍሎቹ አስተማሪ መምህር ቢያድግልኝ ወደ ጨሬ ሜዳ ተዛውረዋል። እኛ ባሳደስነው ጣሪያ ሥር ሊያስተምሩ ማለት ነው። ሰሌዳው መጨረሻ ላይ ስለ ተሳትፏችን አመስግኖናል።

ግድግዳው አያስተምርም ማለቴ አይደለም። ያስተምራል፣ ያውም ከሰው አብልጦ ያውቃል። ግን ቁጣ የለውም፣ ሳቅ የለውም። ብትስት «ጎበዝ፣ እንደገና እንሞክር» ይላል፤ ብታገኘው «ጎበዝ፣ ወደሚቀጥለው» ይላል። የዘነበች የእህት ልጅ ሌላ ከተማ ሁለት ዓመት በግድግዳ ተምሯል። ባለፈው ሊጠይቃት መጥቶ ስለ እናቱ ሕመም ስታጫውተው ዐይኑን ጣሪያው ላይ አድርጎ «ቀጥል» አላት። ግድግዳውን የሚያሳልፉት እንደዚያ እያሉ ነው። ልጁ ባለጌ ሆኖ አይደለም፣ ለምዶበት ነው። ዘነበች ግን ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ዋለች።

የኔዋ ደግሞ ሙግተኛ ናት። መምህር ቢያድግልኝን የስድስተኛ ልጅ ሆና በመስኮት እያጮለቀች ታያቸው ነበር። ተማሪ ያለውን አፍርሰው፣ መልሰው አስገንብተው፣ ሌላውን ተማሪ አስነስተው እንዲያፈርሰው የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ክፍላቸው ሁልጊዜ ገበያ ነው። ሂክማ «ሰባተኛ ስገባ እኔም አፈርሳለሁ» ስትል ነው የከረመችው። ሰሌዳውን አንብቤ ስነግራት «ግድ የለም እማ» አለችና ጓዳ ገባች። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ የሳሎኑን ግድግዳ በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውል አገኘኋት። ለደንበኛ ማሳያ የሰቀልኳቸውን የሙሽሮች ፎቶ አንድ በአንድ አውርዳ ጥግ ደርድራቸዋለች። ለትምህርቱ ቦታ ማዘጋጀቷ ነው። ነጠላዬን ለበስኩና በቀጥታ ወደ ወረዳ።

የሕዝበ ውሳኔ ኃላፊው ኪሩቤል የሚባል ልጅ እግር ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር እጁን የሚያጣምር። አዲሱ ወንበር ላይ ነው ያገኘሁት። እምቢ ያልነው እምቢ ብለን አይደለም ብዬ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝ፣ ከዚያ የሕዝብ ድምፅ የተከበረ ነው፣ እኔ ሕዝቡ ካለው በላይ ሕዝቡን አውቃለሁ ማለት አልችልም አለኝ። ንግግሩ ያምራል፤ ልታንቀው ግን ያምርሃል።

እሺ ጠያቂው ተስተካክሎ ይለምነን፣ በሞቴ ይበለን አልኩት። ይህንንስ ለባለሙያዎቹ ጻፈላቸው። መልሱ እዚያው ቁጭ እንዳልኩ መጣ። ጠያቂው ሐሰት እንዳይናገር ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ሞት ስለሌለው በሞቴ ሊል አይችልም፣ ከተፈለገ «በባትሪዬ» ማለት ይችላል አሉ። ኪሩቤል ይህን ሲያነብልኝ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። በዚያ ላይ ጠያቂው አንዴ ብቻ እንዲጠይቅ ሕዝቡ ራሱ ወስኗል፤ የዘንድሮው በጀት ደግሞ ሐሙስ ጀምበር ስትጠልቅ ይዘጋል።

እኔም ነገር አላከረርኩም። ነገ ትምህርት ቤቱን መጥተህ እይ፣ በዚያው ቤት እንግዳዬ ነህ አልኩት። እሺ አለ። በነጋታው እኩለ ቀን ላይ መጣ። የመጣባት መኪና ጣለችውና ሹፌር የላት ምን የላት ወደ ሌላ ጉዳይዋ ሄደች፤ ወደ ማታ ነው የምትመለሰው። ትምህርት ቤቱን አየ፣ ባዶ ነው፣ ምን ያያል። ከዚያ ቤት ገባን። የቀይ ጥብስ ሽታ ከደጅ ጀምሮ ተቀብሎታል። ሂክማ እጅ ልታስታጥብ ውሃ ይዛ ቀረበች። እኔ ትሪውን ፊቱ አድርጌ እንብላ አልኩት።

«አመሰግናለሁ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» አለ።

ትሪውን አነሳሁት። ፊቴን ቅጭም አላደረግኩ፣ አልሳቅኩ። ከእሱ ፊት ለፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ከሂክማ ጋር መብላት ጀመርን። ልጄ መጀመሪያ ደነገጠች፣ እንግዳ እያየ መብላት ቤታችን ታይቶም አይታወቅ። በእግሬ ነካ ሳደርጋት ገባትና አጎንብሳ ጎረሰች። ኪሩቤል ወደ መስኮቱ አየ። ቀጥሎ ግድግዳውን አየ። የአዲስ አበባም ልጅ ቢሆን ያው የኛው ልጅ ነው፣ ጠዋት ቁርስ እንዳልቀመሰ ከንፈሩ ይናገራል። ሆዱ ጮኸ፤ ሦስታችንም ሰማን፣ ሦስታችንም አልሰማንም። ጥብሱ ወደ መገባደዱ ሲሆን ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ ጦይባ፣ ድጋሚ አይጠይቁኝም?»

«አንዴ ጠየቅኩህ» አልኩት። «ምላሽህ ተመዝግቧል።»

ቀስ እያለ አንገቱ ድረስ ቀላ፣ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ሂክማም ሳቋን ለቀቀችው። እኔ ግን ድስት ውስጥ የእሱን ድርሻ ለይቼ አስቀምጬ ነበርና አወጣሁለት። እናቴ ትሙት፣ እንደዚያ ሲበላ ሰው አይቼ አላውቅም። እየጎረሰ ስለ አምናው ውሳኔ ያስባል። ባንድ ጊዜ እጁ አየር ላይ ቀረ። ውሳኔው የሚለው «ጠያቂው አንዴ ብቻ ይጠይቅ» ነው አለ። ስለ ሰው የሚለው ነገር የለም። ሰው ከቤት ቤት ዞሮ ይጠይቃል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ፣ ሰውን የከለከለም አልነበረም። ኃላፊው ራሱ በአፉ ከጠየቀ፣ የፈለገውን ያህል ቢለምን ሕጉ አይነካውም።

ሐሙስ ጠዋት ጀመርን። እኔ ቤቱን አሳያለሁ፣ እሱ ይጠይቃል። የመጀመሪያዋ ዘነበች ነበረች። ለልጅዎ ወረዳው መቀመጫና አስተማሪ ይስጥዎት ወይ አላት። ያን ሁሉ አልቅሳ፣ ያን ሁሉ ወረዳውን ረግማ፣ አሁንም «ኧረ ተዉ፣ ምን በወጣችሁ» አለች። ኪሩቤል ዞሮ አየኝ። በጉልበቴ ገፋ አደረግኩት። ምድርን እያየ፣ የተበደረውን እንደሚመልስ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሞቴ አለ። ዘነበች ቃሉን ሳታስጨርሰው እሺ አለች። ከዚያ ደግሞ አሁን የኔ ተራ ነው ብላ ወንበር አቀረበችለት፤ አልበላም ቢል ማን ሊሰማው።

እንዲያ እያለ ቀኑ ገፋ። ወደ ቀትር ግድም ልጁ ሠለጠነ። በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ እኔን ይድፋኝ፣ ሁሉንም ያወርደዋል። አንዳንዷ ሦስት ጊዜ አስለምናዋለች፣ ኩራቷ ነው። በየቤቱ ቂጣ ነው፣ እርጎ ነው፣ ማር ነው፣ አልቻለም። ቀበቶውን አላላ። መንገድ ላይ ሲያየን የዋለ ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ተከተለን፤ ልጆቹም ትልልቆቹም ከኋላችን ሠርግ የሚሄዱ መስለዋል።

ከድልድዩ አጠገብ ያሉት አቶ ይማም ግን አይ አሉ። ኪሩቤል በሞቴ ሊል አፉን ሲከፍት ያዝ አደረግኩት። አቶ ይማም ምክንያት ነበራቸው። ልጃቸው ጆሮው ይከብደዋል፣ ግድግዳው ጽፎ ያሳየዋል፣ ክፍል ውስጥ በጩኸቱ መሃል ምንም ሳይሰማ ነው የሚውለው። የእውነት አይ ያለ ሰው ምክንያት ይነግርሃል፤ የወግ አይ ምክንያት የለውም። ኪሩቤል አይ ብሎ መዘገበና ለልጁ ጆሮ ወረዳው ምን ሊያደርግ እንደሚችል እጠይቃለሁ አላቸው። አቶ ይማም አትቸገር አሉ። ይኼኛው የወግ ነበር፣ ለመነና ተቀበሉት።

ጀምበሯ ወደ ተራራው ስትጠጋ ክፍሉ ሞልቷል። ኪሩቤል የመመዝገቢያ መሣሪያውን አይቶ ለክፍል መክፈቻ የሚበቃው ቁጥር እንዳለፈ ነገረን፤ መምህር ቢያድግልኝ አይሄዱም። ሰዉ አጨበጨበ። የቀረው አንድ ቤት ነው፣ የኔ ቤት።

ደጃፌ ላይ ቆምን። ከተማው ከኋላው ቆሟል፣ ዘነበችም፣ ከድጃም፣ ሁሉም። ኪሩቤል ድምፁ ተዘግቶ በሹክሹክታ ብቻ ነው የሚናገረው። ለልጅዎ ወረዳው መቀመጫና አስተማሪ ይስጥዎት ወይ አለኝ።

አዎ ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ቀኑን ሙሉ የሌላውን አዎ ስጎትት ውዬ፣ የኔው አልወጣ አለኝ። ይህን ሁሉ ሰው አየሁት። ለካ ለልጇ ብላ ነው የዞረችው ይሉኛል ብዬ አሰብኩ። ደግሞስ ውሸት ነው? ለልጄ ብዬ ነው እኮ። እሱ ነው ያሳፈረኝ።

«ለኔ ይቅር» አልኩ። «የሌሎቹ ከተሳካ ይበቃኛል።»

ኪሩቤል የቀረ ትንፋሹን ሰብስቦ በሞቴ አለ። አይ አልኩ። ከኋላ ዘነበች ተይ እንጂ አንቺ ሴት ስትል ሰማሁ፤ እሷ ስትል ደግሞ የባሰ አፈርኩ። ሰው ሲያይህ የተግደረደርከውን መመለስ እንደመውረድ ነው የሚቆጠረው፣ አንዴ ከጀመርክ ትቀጥላለህ። ሦስተኛም ለመነኝ፣ ከንፈሩ ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ድምፅ አልወጣውም። አሁንም በእምቢታ ራሴን ነቀነቅኩ። ምክንያቱን ቢጠይቀኝ የምለው አንድም አልነበረኝም። ከተራራው ጫፍ ላይ የቀረችው ብርሃን ጭላንጭል ናት። ኪሩቤል መሣሪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጣቱን አነሳ። ልጁ ምን ያድርግ፣ ሕዝብ ካለው በላይ ሕዝቡን አውቃለሁ ማለት አይችልም።

ሂክማ ከውስጥ ወጣች። የእርጥቡ ጨርቅ ውሃ ገና ከእጇ አልደረቀም፣ ግድግዳውን ዛሬም ስትወለውል ነው የዋለችው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መጥታ አጠገቤ ቆመች። ኪሩቤልን አላየችውም፣ እኔን ነው ያየችኝ።

«እማ፣ በሞቴ» አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ ከአንድ ሰው አፍ ስሰማው የዋልኩት ቃል ነው። ከልጄ አፍ ሲወጣ ግን ክው አልኩ። የበሩን መቃን ያዝኩ። ሰዉን ረሳሁት፣ ይሉኛልን ረሳሁት።

«እኔን ያስቀድመኝ» አልኳት።

ኪሩቤል ጣቱን እንዳንጠለጠለ ቀረ። የአዲስ አበባ ልጅ፣ ይሄ ደግሞ አዎ ይሁን አይ ግራ ገባው።

«አዎ ነው» አልኩት። «መዝግበው።»